የውሰት ፍርሃት

አስፈሪ አጭር ፊልም የሚባለው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ተመልካቹን ማስደንገጥን ዋና ዓላማው ያደረገ የፊልም ዓይነት ሲሆን፣ የፊልም ተማሪዎች ከፍቅርና ከታሪክ ፊልም ይልቅ ወደዚህ የሚያዘነብሉበት ምክንያት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ጨለማ ኪራይ አይጠየቅበትም፣ ሰይጣንም ለትወናው አበል አይቀበልም። ይህ ማብራሪያ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ጎደሎነት አለበት። ተማሪው ጨለማውን በነጻ ቢያገኝም ጨለማውን የሚቀርጽበትን ካሜራ ከሰው መዋስ ይኖርበታልና፣ ሲዋስም ከካሜራው ጋር የባለቤቱን ጠባይ፣ የባለቤቱን የሥራ ቀጠሮና የባለቤቱን ሥጋት አብሮ ይዋሳል። በስክሪፕቱ ውስጥ፣ ማለትም ትዕይንቶቹና ንግግሮቹ ተዘርዝረው በተጻፉበት የፊልሙ ድርሰት ውስጥ፣ የአዋሹ ስም ባይገኝም፣ ፊልሙ በየትኛው ወር እንደሚቀረጽ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ፣ መንፈሱ በዝናብ ወጥቶ ወይስ በረንዳ ተጠልሎ እንደሚያስፈራራ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ፣ የተማሪን አስፈሪ ፊልም በሚገባ ማጥናት የሚሻ ሰው ከመንፈሱ ይልቅ ከአዋሹ ቢጀምር ይበልጥ ይጠቀማል።

በአዲስ አበባ ደህና ካሜራ በብዛት የሚገኘው በፊልም ሠሪዎች ቤት ሳይሆን በሰርግ ቀራጮች ዘንድ ነው። ሰርግ ቀራጭ ሙሽሮችን ከፀጉር ቤት ጀምሮ እስከ መልሱ ማግስት ድረስ እየተከተለ በምስል የሚይዝ ባለሙያ ሲሆን፣ ካሜራው እንጀራው በመሆኑ ሥራ በበዛበት ወቅት ለገዛ ወንድሙም ቢሆን አያውስም። ሥራው የሚበዛበትና የሚቀዘቅዝበት ወቅት ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ የሚመጡት ሳምንታት ለሰርግ የተያዙ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ግን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች የማይደግሱበት በመሆኑ፣ የሌሎች እምነቶች ተከታዮች ሰርግ ባይቋረጥም እንኳ፣ ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ የሚሰነብትባቸው ብዙ ቀናት ይገኛሉ። የተማሪው ዕድል የሚከፈተው በእነዚህ ቀናት ነው። ስለሆነም ሌላው ዓለም አስፈሪ ፊልሙን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት መጨረሻ ጋር ሲያያይዝ በአዲስ አበባ ግን ጭራቁ የሚነሣው ሙሽራዋ ስትጾም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሜራው ብቻውን የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጠንቃቃ አዋሽ ከዕቃው ጋር ረዳቱን ይልካል፤ የረዳቱ ተግባር በስምምነቱ መሠረት ዕቃውን መጠበቅ ብቻ ቢሆንም፣ ከተማሪዎቹ ጋር ሽሮ የበላና ብርድ የጠጣ ሰው አስተያየት ከመስጠት ሊታቀብ አይችልም። ለዓመታት ሙሽራ ሲያይ የኖረ ዓይን ደግሞ ያየውን ሁሉ ሙሽራ ያደርጋል፤ ከመቃብር የተነሣችው ሴት ወደ ካሜራው ስትጠጋ አገጯን ዝቅ፣ ትከሻዋን ቀና አድርጋ ፈገግ እንድትል ይመክራታል፣ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ስትል በዝግታ እንድትዞር ያስደርጋታል፣ ገዳይና ተገዳይ ከመተናነቃቸው በፊትም እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥቂት እንዲራመዱ ይጠይቃል። ከዚህ ምክር ከፊሉ ፊልሙን እንደሚጠቅም መካድ አይገባም፤ ፈገግ የምትል ሙት ከምታለቅስ ሙት ይልቅ ታስፈራለችና።

የውሰቱ ውል በጽሑፍ ባይሰፍርም ከብዙ የጽሑፍ ውሎች ይልቅ ጥብቅ ነው። ካሜራው ከትሪፖዱ፣ ማለትም ከባለ ሦስት እግር መቆሚያው፣ አይነሣም፤ ሌንሱ በጣት አይነካም፤ ዝናብ ሲያካፋ ሥራ ይቆማል፤ ሁሉም ዕቃ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ቤቱ ይገባል። የውሉ የመጨረሻ አንቀጽ የሌንሱን ክዳን የሚመለከት ሲሆን፣ ይህ ክዳን መዳፍ የማታህል፣ ዋጋዋም ከዕቃው ሁሉ ያነሰ ክብ ፕላስቲክ ብትሆንም፣ በጨለማ የምትወድቅ፣ በቅጠል ሥር የምትደበቅና በሰው ኪስ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ የምትሄድ በመሆኗ፣ አንድ የቀረጻ ቡድን ከሚፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ በብዛት የምትፈለገው እርሷ ናት።

ውሉ የማይጠቅሳቸውና ተማሪው በራሱ ጉዳት የሚማራቸው ጉዳዮችም አሉ። ካሜራ በውስጡ ብዙ ማስተካከያዎች ያሉት መሣሪያ በመሆኑ ባለቤቱ ለሰርግ ብሎ ያበጃቸውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ከእነዚህም አንዱ በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ የሚገኘው የፊትን ቆዳ የሚያለሰልስ ስልት ሲሆን፣ ተማሪዋ በዱቄትና በማጣበቂያ ስትደክምበት ያመሸችውን ቁስል ጠራርጎ የሙቷን ጉንጭ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ያበራዋል። ሌላው ችግር የመብራት ነው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ፍሎረሰንት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ እያለ ይበራል፤ ዓይን ይህን ባያስተውልም ካሜራ ያስተውለዋል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ካሜራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ከሚመላለሰው የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተሰናዳ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ኩሽና ውስጥ ሲከፈት ግድግዳው ሁሉ የሚርገበገብ ምስል ይሰጣል። የፍቅር ፊልም የሚሠራ ተማሪ በዚህ ጊዜ ራሱን ይይዛል፤ አስፈሪ ፊልም የሚሠራው ግን መንፈሱ በመግባት ላይ መሆኑን ለማመልከት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ለመምህሩ ያስረዳል፣ መምህሩም ብዙውን ጊዜ ያምነዋል። አስፈሪው የፊልም ዓይነት ከሌሎች የሚለይበት ትልቁ ጥቅም ይኸው ሲሆን፣ ጉድለትን ሁሉ ወደ ትርጉም የመለወጥ ችሎታው በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

በዚህ ረገድ ተማሪው ከበስተኋላው የተከበረ ታሪክ አለው። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ለተመልካች ያቀረበው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተሠራው በፔንሲልቬንያ ማስታወቂያና የኢንዱስትሪ ፊልም ይሠሩ በነበሩ ወጣቶች ሲሆን፣ ዋናው ትዕይንት የተቀረጸበት የገበሬ ቤት ሊፈርስ የተወሰነበት ስለነበር እንደ ልብ ቢሰባብሩት የሚቆጣ አልነበረም፤ ፊልሙ በጥቁርና ነጭ በመሆኑም ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ሳም ሬይሚ ለ«ዘ ኢቭል ዴድ» ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎችን ለማሳመን እ.ኤ.አ. በ1978 አስቀድሞ አጭር ፊልም ሠርቶ አሳይቷል፤ በዋናው ፊልም ሥራ ጊዜም የሚገባው መሣሪያ ስላልነበረው ካሜራውን በረጅም ጣውላ መሐል ላይ አስሮ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በጫካ ውስጥ እንዲሮጡ በማድረግ፣ የማይታየው ክፉ ኃይል ወደ ቤቱ ሲገሰግስ በራሱ ዓይን የሚያይ የሚመስለውን ዝነኛ ምስል አግኝቷል። ይህ ጣውላ በተማሪዎች አሳብ ላይ ያደረሰው ተጽዕኖ ቀላል አይደለም፤ በአዋሾች ንብረት ላይ ስላደረሰው ግን የተጻፈ ነገር የለም።

በፊልም ትምህርት ቤት የተዋወቁት ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት»ን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 በሜሪላንድ ደን ውስጥ በስምንት ቀናት ሲቀርጹ ካሜራውን ለተዋናዮቹ ራሳቸው አስይዘው፣ ንዴታቸውና ድካማቸው እውነተኛ እንዲሆን በማሰብ የሚሰጣቸውን ምግብ በየቀኑ ይቀንሱ ነበር። ይህ ዘዴ በፊልም ጥናት ውስጥ ድፍረት የተሞላበት ፈጠራ ተብሎ ቢወደስም፣ በዐቢይ ጾም የሚቀርጽ የአዲስ አበባ ቡድን ግን ሳያስበውም ተግባራዊ ያደርገዋል። ከሀገር ልጅ ምሳሌ መጥቀስ ካስፈለገ ደግሞ ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በዕረፍቱ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾ መጨረሱ ይታወቃል፤ ፊልሙ አስፈሪ ከሚባለው ዓይነት አይመደብም፣ ለባለ ርስቶች ካልሆነ በቀር።

ካሜራው ከተገኘ በኋላ የሚከተለው የቦታ ጉዳይ ነው። በፊልም ሰዎች ዘንድ ሎኬሽን የሚባለው ከስቱዲዮ ውጭ የሚገኝ እውነተኛ የቀረጻ ቦታ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫው ብዙውን ጊዜ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። ጫካው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ነፋስ ሲመጣ ግንዱ ከግንድ እየተፋተገ የሚያሰማውን ሲጥሲጥታ ማንም የድምፅ ባለሙያ በስቱዲዮ ሊሠራው አይችልም፣ የከፍታው ብርድም ተዋናይዋን ያለ ምንም ልምምድ ያንቀጠቅጣታል፤ ምንም እንኳ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተራራው ከፊል መናፈሻ በመሆኑ ከሙቷ ትከሻ በስተኋላ ብስክሌት የሚጋልቡ ቤተሰቦች ብቅ የሚሉበት አጋጣሚ ቢኖርም። ይሁን እንጂ ወደ ጫካው የሚያስገባው መንገድ በወረቀት በኩል የሚያልፍ ነው። በእጅ ስልክ የሚቀርጽን ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ትሪፖድ የተከለ ሰው ግን ወዲያውኑ ተጠያቂ ይሆናል፣ ተጠያቂም ሲሆን «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ከሁሉም በላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ማሳየት ይገባዋል።

ደብዳቤው ስለ ፊልሙ ይዘት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህም በጥበብ የተደረገ ነው። ደብዳቤውን የሚያነበው የጥበቃ ኃላፊ ወይም የወረዳ ሠራተኛ ፊልም ሁሉ አስተማሪ መሆን አለበት ብሎ ያደገ ሰው በመሆኑ የመጀመሪያ ጥያቄው «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ መልእክቱ የሰው አንገት የሚቆርጥ ጥላ መኖሩ ነው ብሎ መመለስ ሥራውን ከማስቆም በቀር ጥቅም የለውም። በዚህ ምክንያት ተማሪው ፊልሙ ስለ ደን ጥበቃ ነው ይላል፤ ዛፍ ለመቁረጥ ወደ ጫካ የገቡ ወጣቶች የሚደርስባቸውን የሚያሳይ መሆኑን ያብራራል፤ የድርሰቱም አካሄድ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚሁ መሠረት ይለወጣል። አንዳንድ የተማሪ አስፈሪ ፊልሞች በመጨረሻቸው ያለ ምክንያት ችግኝ የሚተከልበት ትዕይንት የሚታይባቸው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

የመንፈሱ አለባበስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥልቅ ምርምር የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሂዴዮ ናካታ ያዘጋጀው «ሪንጉ» የተባለው የጃፓን ፊልም ነጭ ልብስ የለበሰችና ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነ ሴት ከጉድጓድ ስትወጣ ካሳየ በኋላ፣ የዓለም ተማሪ ሁሉ ለመንፈሱ ነጭ ማልበስን እንደ ሕግ ይዞታል። በጃፓን ነጭ የሙት መግነዣ በመሆኑ ምርጫው ሥር የሰደደ ነው። የአዲስ አበባ ተማሪም ይህን ሕግ ተቀብሎ ከእናቱ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ይዋሳል፣ ተዋናይዋንም ያለብሳታል፣ ጎሕ ሳይቀድ ጭጋግ በወረደበት መንገድ ላይ ያቆማታል፤ ከዚያም ካሜራው ሲከፈት አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት በስተቀኝ ታልፋለች፣ ሁለት ነጭ የለበሱ ሴቶች ከበስተኋላ ይከተላሉ፣ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ፣ እሑድ በመሆኑም መንገዱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሙቷ ይልቅ እጅግ በሚያስፈሩ ምእመናን ይሞላል። የተመረጠችው መንፈስ በመካከላቸው ቅዳሴ የረፈደባት ትመስላለች፤ አንዲት እናትም ቀርበው ነጠላዋን አስተካክላ እንድትለብስ ሊገሥጿት ይችላሉ። በዚህች ከተማ በማለዳ ሰውን ማስደንገጥ የፈለገ መንፈስ ነጭ መልበሱን ትቶ፣ ለምሳሌ ሙሉ ሱፍ ለብሶና ቦርሳ ይዞ የወረዳ ማኅተም እየፈለገ ቢዞር ይሻለዋል።

ድምፅም ከአለባበሱ ያላነሰ ማኅበራዊ መዘዝ አለው። አስፈሪ ፊልም ያለ ጩኸት ሊሠራ እንደማይችል ሁሉም የሚስማማበት ቢሆንም፣ በሠፈር መካከል በሌሊት የሚሰማ ኡኡታ ጥበብ ሳይሆን ጥሪ ነው፤ የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ የመውጣት ግዴታ አለበት፣ ይወጣልም። ተዋናይዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጮህ ዘበኛው ይደርሳል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጮህ ጎረቤት በነጠላ ጫማ ይወጣል፣ ለሦስተኛ ጊዜ መጮህ የሚባል ነገር ግን የለም፤ ምክንያቱም በዚያን ሰዓት ገዳዩን የሚጫወተው ተማሪ በሠፈሩ ወጣቶች ተይዞ፣ ጭምብሉን አውልቆ የማን ልጅ እንደሆነ በማስረዳት ላይ ይገኛል። ልምድ ያካበቱ ቡድኖች ስለዚህ ተዋናይዋ አፏን ብቻ ከፍታ ድምፅ ሳታወጣ እንድትጮህ ካደረጉ በኋላ፣ ጩኸቱን በማግስቱ በቀን፣ ልብስ በሞላበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንባ በተናጠል ይቀዱታል። በፊልሙ ላይ የጫካ ጩኸት ሆኖ የሚሰማው ከክረምት ኮትና ከብርድ ልብስ መሐል የመጣ ነው።

ከጩኸት ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ዝምታ ነው። የድምፅ ቀጂዎች የአንድን ቦታ ባዶ ድምፅ፣ ማለትም ሰው ሳይናገር ቦታው በራሱ የሚያሰማውን ስስ ድምፅ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ለብቻው ይቀዳሉ፤ በኋላ ምስሎቹ ሲገጣጠሙ ክፍተቶቹን የሚሞላው እርሱ ነውና። በአዲስ አበባ ሌሊት ይህን ደቂቃ ማግኘት የትዕግሥት ፈተና ነው፤ ውሻ ይጀምራል፣ ሌላ ውሻ ይመልሳል፣ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሰዓታት ይሰማል፣ ጥቂት ቆይቶ ከመስጊድ አዛን ይከተላል፣ በመካከሉ መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሣል። እውነተኛ ጅብ የሚጮኽበት ሌሊትም አለ፤ ከተማዋ ጅብ የማያጣት በመሆኗ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፣ የሚያስደንቀው ጅቡ የሚጮኸው መቅጃው በጠፋበት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ቡድኑ በመጨረሻ ጸጥ ያለች ደቂቃ አግኝቶ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳይተነፍስ ሲቆም ደግሞ፣ መንገደኛው የኅሊና ጸሎት ላይ የደረሰ መስሎት ኮፍያውን አውልቆ አብሮ ይቆማል፤ ደቂቃዋም ልታልቅ ስትል ጠጋ ብሎ የሞተው ማን እንደሆነ ይጠይቃል።

ለቅሶ የሚጠራው ይህ ብቻ አይደለም። በቀን ብርሃን የሌሊት ትዕይንት ለመቅረጽ መስኮቱን ከውጭ በወፍራም ሸራ መጋረድ ያስፈልጋል፤ ወፍራም ሸራ በሠፈር ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ከእድሩ ነው። የእድር ድንኳን በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲወጠር ትርጉሙ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ገመዱ ታስሮ ሳያልቅ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ኮታቸውን ደርበው መምጣት ይጀምራሉ፣ ከመጡትም አንዳንዶቹ እንጀራና የጾም ወጥ ይዘው ነው። ማንም እንዳልሞተ ሲነገራቸው ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አይላቸውም፤ ሟርት ነው ብለው ተቆጥተው ለረጅም ጊዜ ይመክራሉ፣ የቤቱ እመቤትም ቡና ለማፍላት ትገደዳለች። ይሁንና ወደ ለቅሶ ቤት የመጣ እንጀራ የሚመለስበት ልማድ ስለሌለ፣ ለተዋናዮች ምሳ በጀት ላልያዘ ቡድን ድንኳን ከመትከል የተሻለ የፋይናንስ ዘዴ አልተገኘም።

ደሙን በተመለከተ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ባለቀለም ምስል የቸኮሌት ሽሮፕን ስለማይቀበል፣ ተማሪው በውሃ የተፈላ ስኳር ላይ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሮ በትንሽ ካካዎ ያጠቁረዋል፤ ገንዘብ ያነሰው ደግሞ ቀይ ሥር ይቀቅላል፣ ሐምራዊ ሆኖ ቢያስቸግረውም። ስኳሩ በቀን ንብ ይጠራል፣ ቀይ ሥሩ የእናትን ነጠላ ያበላሻል፤ የጾሙ ወቅት የሚያመጣው ልዩ ችግር ግን የሰዓት ነው። ተዋናይዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነች፣ ደም መጣጭ ሆና ብትተውንም እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደም አትቀምስም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ከምን እንደተሠራ አጣርታ ካልጠየቀች አፏን አትከፍትም። ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከጠለቀች በኋላ ያለው የድንግዝግዝ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ በመሆኑ፣ የቡድኑ የሥራ ጊዜ በጾሙ መፈቻና በጨለማው መግቢያ መካከል ይጨመቃል፤ በዚያችም ሰዓት ባትሪው ያልቃል።

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ ቢደመር ግን ከሚሞሪ ካርዱ የሚመጣውን ድንጋጤ አያክልም። ሚሞሪ ካርድ ምስሉ የሚከማችበት የአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የሚበልጥ ዕቃ ሲሆን፣ ፎርማት ማድረግ የሚባለው በላዩ ያለውን ሁሉ ሰርዞ ለአዲስ ሥራ ባዶ የማድረግ ተግባር ነው። በድካምና በብርድ ሰዓት፣ ካርዱ ሞልቷል የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል፣ ከቡድኑ አንዱ በቅን ልቡና ፎርማት ያደርገዋል፤ ከዚያም ረዳቱ ከሽሮው ቀና ብሎ፣ ባለፈው እሑድ የተቀረጸው ሰርግ ወደ ኮምፒውተር ገና እንዳልተገለበጠ ይናገራል። በዚህ ጊዜ በተዋናዮቹ ፊት ላይ የሚታየውን ስሜት ለማግኘት ዳይሬክተሩ፣ ማለትም የፊልሙ አዘጋጅ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለምናቸው ነበር፤ አሁን በነጻ ቢመጣለትም የሚቀርጽበት ካርድ የለውም። እንደ እድል ሆኖ ተራ ፎርማት የሚሰርዘው ብዙውን ጊዜ የምስሎቹን ማውጫ እንጂ ምስሎቹን ራሳቸውን ባለመሆኑ፣ በካርዱ ላይ ሌላ ነገር ሳይቀረጽ በፍጥነት ወደ ባለሙያ ከተወሰደ የጠፋውን መልሶ ማውጣት ይቻላል። ይሁንና መልሶ የሚያወጣው ፕሮግራም ቀድሞ የተሰረዘውንም አዲሱንም ስማቸውን አስጥሎ አንድ ላይ ስለሚያፈስ፣ ሙሽሮቹ ከኬኩ ቀጥሎ ደም የለበሰች ሴት ወደ እነርሱ ስትመጣ የሚያዩበት፣ የፊልሙ መምህርም ከግድያው ትዕይንት በኋላ ሚዜዎች ሲጨፍሩ የሚያይበት አጋጣሚ ከመፈጠሩ በፊት ምስሎቹን አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል።

ካሜራው ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል፤ አዋሹ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሮ ያያል፣ ትሪፖዱን ከፍቶ ይዘጋል፣ ክዳኗን ይጠይቃል። ከሳምንታት በኋላ ፊልሙ በክፍል ውስጥ ለወዳጅ ዘመድ ሲታይ በክብር እንግድነት ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው እርሱ ሲሆን፣ በመጨረሻው የምስጋና ጽሑፍም ስሙ ከእድሩ በፊት ይቀመጣል። በዕይታው ጊዜ የተመልካቹን ጠባይ ያስተዋለ ሰው አንድ ልዩነት ሊያይ ይችላል። ሙቷ ፈገግ ስትል ተመልካቹ ይስቃል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀዳው ጩኸት ሲሰማም ጥቂቶች ይደነግጣሉ፣ አዋሹ ግን ፈንዲሻውን እየቆረጠመ ይቀመጣል። ከዚያ ክፉው ኃይል በገዛ ዓይኑ እያየ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል በጨለማ የሚገሰግስበት፣ ሥር የሚዘልበት፣ በድንጋይ ላይ የሚንገዳገድበት፣ አንድ ጊዜም ወደ መሬት ሊተከል ምንም ያህል ሳይቀረው ቀና የሚልበት ትዕይንት ሲመጣ፣ አዳራሹ በሙሉ በጸጥታ እያየ ሳለ፣ አዋሹ ብቻ ራሱን ይዞ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ጣውላውን የያዙት ሁለቱ እነማን እንደነበሩም ረዳቱን በስም ይጠይቀዋል፤ ረዳቱ የአንደኛውን ስም ብቻ ይነግረዋል።